የግቢያችሁን ሎጎ ሁዲ ላይ ከማሳተማችሁ በፊት

ሰኔ ሲቃረብ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ማተሚያ ቤቶች በር ላይ የሚታየው ነገር ሁሌም አንድ ነው። ሦስት አራት ተማሪ፣ አንድ ስልክ፣ ስልኩ ላይ ከፌስቡክ የወረደ የዩኒቨርሲቲ ሎጎ። «ይቺን ደረቱ ላይ፣ ጀርባው ላይ ደግሞ የሁላችንንም ስም» ይላሉ። ቀብድ ይከፈላል። አለቀ።

እኔም እንዲሁ አድርጌያለሁ። የጂሲ (የተመራቂ ክፍል) ኮሚቴያችን ውስጥ የልብሱ ጉዳይ የኔ ነበርና 64 ሁዲ አሳተምኩ። ሎጎው ከስልክ የተቀዳ ስለነበር ተለቅ ሲደረግ ጠርዙ የመጋዝ ጥርስ መሰለ፣ ክቡም ወደ እንቁላልነት ተጠጋ። ከሥሩ የሚጻፈው ዓመት በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ማንም ስላልነገረው አታሚው ግማሹ ላይ የኛን፣ ግማሹ ላይ የፈረንጁን ጻፈ። የተረፉትን 19 ሁዲዎች ለታናናሾቻችን ልንሸጥ ስንል ደግሞ «ማን ፈቅዶላችሁ ነው?» የሚል ጥያቄ መጣ። መልስ አልነበረንም። ሁዲዎቹ ካርቶን ውስጥ ቀሩ፣ ኪሳራውን ኮሚቴው ተካፈለው። አንዷን እናቴ እስከ ዛሬ እንጀራ ስትጋግር ትለብሳታለች።

ከዚያ ወዲህ ለሌሎች ባቾች ልብስ አሠርቻለሁ፣ አሁን ነገሩ ገብቶኛል። እንደሚከተለው አድርጉ።

መጀመሪያ፦ የማን ምን እንደሆነ ለዩ

የዩኒቨርሲቲ ስም፣ ሎጎና መፈክር የንግድ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። የንግድ ምልክት ማለት ዕቃውን ያየ ሰው «ይሄ የእነ እገሌ ነው» እንዲል የሚያደርገው ነገር ነው። እኛ አገር ይሄ የሚታየው በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ነው፣ መዝጋቢው ደግሞ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፣ ከዚያ በየ7 ዓመቱ ይታደሳል። ቅጣቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሆን ብሎ የጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት፣ በከባድ ቸልተኝነት የጣሰ ከ1 እስከ 5 ዓመት ነው። ለ64 ሁዲ ማን እዚያ ድረስ ይሄዳል ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ ይሆናል። ግን ሁዲው ተይዞ ካርቶን ውስጥ ሲቀር ያለ እስራትም ያማል፣ ከኔ ውሰዱት።

ሎጎና ማኅተም ደግሞ አታምታቱ። የመሥሪያ ቤቱ ክብ ማኅተም ልብስ ላይ አይታተምም፣ ለቀልድም ቢሆን። የመንግሥት ማኅተም አስመስሎ መሥራት በወንጀል ሕጉ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። አንድ የማውቀው ልጅ ጀርባው ላይ «ተፈቅዷል» የሚል ክብ ማኅተም ያለበት ቲሸርት ዲዛይን አድርጎ ነበር፣ ደግነቱ አታሚው ራሱ ፈርቶ መለሰው።

ሎጎውን ትንሽ ቀየር፣ ቀለሙን ገልበጥ አድርጌ ብሠራውስ? ይሄ ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣል። አሜሪካ ውስጥ ስማክ አፓረል የሚባል ድርጅት እንደዚያ አስቦ ነበር። የትምህርት ቤቶቹን ሎጎ ትቶ የቡድኖቻቸውን ቀለምና ለደጋፊው ግልጽ የሆኑ ቃላት ብቻ ቲሸርት ላይ አተመ። የሉዊዚያና ግዛት ዩኒቨርሲቲና ሦስት ሌሎች ከሰሱት፣ በፈረንጆቹ 2008 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለዩኒቨርሲቲዎቹ ፈረደ። ያየው ሰው ልብሱ የማን ነው ብሎ እንደሚያስብ ነው የታየው። የፋሲል ከነማን ማልያ አስቡት፣ ስሙ ባይጻፍበትም ጎንደር ውስጥ ያየው ሰው ሁሉ ያውቀዋል አይደል? እንደዚያ ነው።

ነገሩ ጫፍ ሲደርስ ደግሞ ያስቃል። ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ስሙ ፊት ያለችውን «ዘ» የምትል የእንግሊዝኛ ቃል ለልብስና ለኮፍያ የንግድ ምልክት አድርጎ በፈረንጆቹ 2022 አስመዘገበ። አንዲት ቃል ናት፣ እንግሊዝኛ የጀመረ ሕፃን መጀመሪያ የሚያውቃት። ሰው ሳቀ፣ እነሱ ግን ሰርተፍኬቱን ያዙ።

ስለ ሳልባጅ የሚጠይቁም አሉ። ከቦንዳ የወጣ የሚሺጋን ወይም የዬል ሹራብ ገዝቶ መልበስም ሆነ መልሶ መሸጥ ችግር የለውም፣ ዕቃው እውነተኛ ነው፣ ባለቤቱ አንዴ ሸጦታል። እናንተ አዲስ ቲሸርት ላይ «ሃርቫርድ» ብላችሁ ማተም ግን ሌላ ነገር ነው። በጣም የታወቀ ምልክት እዚህ ባይመዘገብ እንኳ ጥበቃ ሊያገኝ ይችላል።

ቀጥሎ፦ ሎጎው የግድ ያስፈልጋችሁ እንደሆነ ጠይቁ

ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ለኔ ግን ዋናው እዚህ ጋ ነው። የጂሲ ሁዲ የሚለበሰው በሎጎው አይደለም፣ በትዝታው ነው። የኔ ባች 64 ሁዲ ላይ ያረፈውን ሎጎ ዛሬ ማንም አያነሳም። ከኛ በኋላ የሠራሁላቸው ልጆች ሎጎ አልፈለጉም። ደረቱ ላይ «ጎንደር 2016 ዓ.ም»፣ ጀርባው ላይ እንደ ኮንሰርት ፕሮግራም ተደርድሮ የካፌው የሳምንት ሜኑ። ሰኞ ምሳ ሽሮ፣ ሰኞ ራት ሽሮ፣ ማክሰኞ ምስር፣ እያለ ወርዶ ወርዶ እሑድ ላይ ሲደርስ በትልቁ «ሥጋ (ለቀደመ)»። ሌሎች ዲፓርትመንቶች መጥተው ካልሸጣችሁልን አሉ። ፈቃድ የሚጠየቅበት ነገር አልነበረውም፣ የከተማ ስም የማንም አይደለም፣ ሽሮም የሁላችን ነው።

የፋሲልን ግንብ መሳል የሚፈልግ ባች በየዓመቱ አይጠፋም። ጥሩ ነው፣ ግን ክፍል ውስጥ እጁ የሚስል ልጅ ይሣለው። ከኢንተርኔት የተገኘ ፎቶ ፎቶ አንሺው መብት ያለበት ሥራ ነው፣ በቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይጠበቃል። ከክፍላችሁ አልፋችሁ ለቱሪስት ጭምር ልትሸጡ ካሰባችሁ ቅርሱን የሚያስተዳድረውንም ቢሮ ጠይቁ። የዩኔስኮን የዓለም ቅርስ ዓርማ አጠገቡ አትለጥፉ፣ እሱም ባለቤት አለው።

ዓመት ስትጽፉ «ዓ.ም» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለውን ጨምሩ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥረ መሠረቱ በፈረንጆቹ 1954 የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። «ከ1954 ጀምሮ» ብላችሁ ብቻ ብትጽፉ ያገራችን ሰው በራሱ አቆጣጠር ያነበዋል፣ ትምህርት ቤቱም በሰባት ስምንት ዓመት ያንሳል።

ሎጎው የግድ ነው ካላችሁ፦ ደብዳቤ

በቃል የተገኘ ፈቃድ ፈቃድ አይደለም። «ዲኑን አናግሬው እሺ ብሎኛል» የሚል ልጅ በየኮሚቴው አለ። ዲኑ ኮሪደር ላይ እሺ ያለው ሰላምታውን ይሁን ሎጎውን ማን ያውቃል።

ደብዳቤው አጭር ይሁን፣ ቁጥር ይኑረው። እኔ የምጠቀምበት ይሄን ይመስላል፦

«ጉዳዩ፦ በዩኒቨርሲቲው ሎጎ ሁዲ ለማሳተም ፈቃድ ስለመጠየቅ። እኛ የ2018 ዓ.ም ተመራቂ ተማሪዎች ለምርቃታችን መታሰቢያ 64 ሁዲ ማሳተም እንፈልጋለን። ሎጎው ግራ ደረት ላይ በ8 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያርፋል፣ ዲዛይኑ በ2 ገጽ ተያይዟል። ልብሱ ለክፍሉ ተማሪዎች ብቻ በወጪ ዋጋ ይከፋፈላል፣ ለገበያ አይቀርብም። እስከ ሐምሌ 30 የሚጸና ፈቃድ እንዲሰጠንና የሎጎው ዋና ፋይል እንዲላክልን በትሕትና እንጠይቃለን።»

ስንት እንደሆነ፣ የት እንደሚያርፍ፣ ለማን እንደሚሰጥ፣ እስከ መቼ እንደሆነ ሁሉም አለበት። ለገበያ የምትሸጡ ከሆነ ግን አትደብቁ፣ ዋጋውንና ትርፉ የት እንደሚገባ ጻፉ። ፈቃድ ሰጪው ኋላ ቢሰማው ደብዳቤያችሁ እናንተው ላይ ማስረጃ ይሆናል።

መግቢያው በተማሪዎች ዲን ቢሆን ይቀላል፣ ከዚያ ወደ ሕዝብ ግንኙነትና ወደ ሕግ አገልግሎት ይመሩታል። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥርና ቀን ይያዝ፣ ቅጂው ላይ «ደርሶናል» አስብሉ። መጀመሪያ ጊዜ ይሄን ሳላደርግ በቀጥታ ቢሮ ትቼው ወጣሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስጠይቅ መዝገብ ቤት ያሉ አንዲት እናት መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና «የኔ ልጅ፣ ቁጥር ካልያዘ እኮ ደብዳቤ አይደለም፣ ወረቀት ነው» አሉኝ። «እሺ እትዬ» ብዬ እንደገና ጻፍኩ። እንግዲህ ሰኔ ላይ ለሚለበስ ልብስ የካቲት ላይ ጀምሩ የምለው ለዚህ ነው።

ፈቃዱ ሲመጣ አንብቡት። ሎጎው መጠኑና ቀለሙ እንዳይቀየር ይላል? ናሙና ከመታተሙ በፊት ይታይ ይላል? እንደዚያ ማለታቸው ክፋት አይደለም፣ የምልክት ባለቤት ጥራቱን ካልተቆጣጠረ ምልክቱ ራሱ ዋጋ ያጣል። ዝም ብሎ ለዓመታት የተወም ይጎዳል። ሻምፒዮን የተባለው የስፖርት ልብስ አምራች ከፈረንጆቹ 1936 ጀምሮ የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲን ስም እያተመ ሲሸጥ ማንም አልተናገረውም። ዩኒቨርሲቲው አርባ ምናምን ዓመት ቆይቶ ቢከስስ በፈረንጆቹ 1982 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ስላለፈው ዘመን በጣም ዘግይተሃል አለው። አሁን ግን ባለቤቶቹ ነቅተዋል። በፈረንጆቹ 2024 ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የድሮ ዓርማዎቹን ከመጽሔትና ከቲኬት እየቀዳ ልብስ ላይ ያትም የነበረን ቪንቴጅ ብራንድ የሚባል ድርጅት ከስሶ አሸንፏል። «አሮጌ ሎጎ ነው፣ ማን ይጠይቀዋል» የምትሉ ስሙ።

ፋይሉና ሕትመቱ

ሎጎውን በቬክተር ፋይል ተቀበሉ። ቬክተር የፈለጋችሁትን ያህል ብትለጥጡት አይሰባበርም። ካልተገኘ ቢያንስ በሚታተምበት ልክ 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) የሆነ፣ ጀርባው የጠራ ይሁን። የቀለሙንም ቁጥር ጠይቁ፣ «ሰማያዊ» ማለት ለአታሚው አሥር ዓይነት ነገር ነው።

አተታተሙ በብዛታችሁ ይወሰናል። ስክሪን ፕሪንት ቀለሙን በወንፊት መሰል ስክሪን አሳልፎ ነው የሚያትመው፣ ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱን ስክሪን ይፈልጋል። ስለዚህ ባለ አንድ ቀለም ዲዛይን ለ60 እና ለ100 ልብስ ርካሽና ጠንካራ ነው፣ ባለ አምስት ቀለም ለ15 ልብስ ግን ኪስ ያራቁታል። ዲቲኤፍ ቀለሙን ፊልም ላይ አትሞ በሄት ፕሬስ (በሙቀት በሚጫን ማሽን) ይለጥፈዋል፣ ለጥቂት ልብስና ለብዙ ቀለም ይሄ ይሻላል። ሙቀቱ ከ150 እስከ 160 ዲግሪ፣ ጊዜው ከ10 እስከ 15 ሰከንድ አካባቢ ነው፣ እንደ ፊልሙ ዓይነት ይለያያል። የሚቸኩል አታሚ ጊዜውን ያሳጥራል፣ እናንተ ሦስተኛው እጥበት ላይ ታውቁታላችሁ። ትንሽ የደረት ሎጎ ከሆነ ጥልፍ ነው የኔ ምርጫ። የጥልፍ አገር ላይ ተቀምጠን ፕላስቲክ ደረታችን ላይ የምንለጥፈው ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ዋጋው በስፌቱ ብዛት ስለሚወጣ ሎጎውን አታተልቁት፣ ጥቃቅን ፊደላትም አታስገቡ፣ ክሩ ይደፍነዋል።

ጨርቁን በእጃችሁ ሳትነኩ አትዘዙ። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ ሐምሌ ማታ ይበርዳል፣ ስለዚህ ለሁዲ በካሬ ሜትር 280 ግራምና ከዚያ በላይ የሚመዝን፣ ጥጥ የበዛበት ጨርቅ ጠይቁ። አንድ ናሙና አሠሩና ሦስት ጊዜ እጠቡት። በአጃክስ፣ በእጅ፣ እንደ ቤታችሁ፣ ማሽን ያለው ስንቱ ነው። ከዚያ ሕትመቱን ለጠጥ ለጠጥ አድርጉት። ከተሰነጠቀ አታሚ ቀይሩ።

አንድ ወረቀት አዘጋጁና እያንዳንዱ ተማሪ ስሙን በራሱ እጅ ይጻፍ፣ ሳይዙን ይጻፍ፣ ይፈርም። ጸሐይ ነው ፀሐይ? ኃይሉ ነው ሀይሉ? በስልክ እየተቀባበላችሁ የጻፋችሁት ስም ይሳሳታል፣ የተሳሳተው ሰው ደግሞ ሁዲውን አልወስድም ይላል፣ መብቱም ነው።

ከአታሚው ጋር አንድ ገጽ ውል ይበቃል። ብዛት በየሳይዙ፣ የማስረከቢያ ቀን፣ የተበላሸውን ማን እንደሚተካ፣ ከ64 በላይ አንድም እንዳያትም። ይቺ የመጨረሻዋ ቀላል ትመስላለች፣ ግን ፋይሉ እሱ ጋ ቀርቶ በሚቀጥለው ወር ሌላ ሰው ላይ የእናንተን ዲዛይን ብታዩ የተፈቀደላችሁ እናንተ ስለሆናችሁ የምትጠየቁትም እናንተ ናችሁ። ቀብዱ ከግማሽ አይለፍ፣ ናሙናውን ከማየታችሁ በፊትም አትክፈሉ። ደረሰኝ የማይቆርጥ ቤት ተዉት፣ ፈቃድ የሰጣችሁ መሥሪያ ቤት ወጪያችሁን ሊጠይቅ ይችላል።

ሰፊዎቹ ስንት እንደሚከፈላቸውም ጠይቁ። ነገር ማብዛት እንዳይመስላችሁ። በፈረንጆቹ 2009 ራስል የሚባለው የልብስ አምራች ሠራተኞቹ ማኅበር ካቋቋሙ በኋላ ሆንዱራስ ያለውን ፋብሪካ ዘጋ። የአሜሪካ ተማሪዎች ተነሱ፣ መቶ የሚጠጉ ዩኒቨርሲቲዎች ሎጎአቸውን የማተም ፈቃዱን አቋረጡበት። በዚያው ዓመት መጨረሻ ድርጅቱ ሠራተኞቹን ለመመለስ ተስማማ። የአንድ ሎጎ ፈቃድ ይሄን ያህል ጉልበት አለው።

ገንዘቡ

ለክፍላችሁ በወጪ ዋጋ ከሆነ ብዙ ጊዜ የምትከፍሉት ክፍያ አይኖርም፣ ደብዳቤው ላይ በግልጽ ይስፈር እንጂ። ለሽያጭ ከሆነ ግን ሮያሊቲ፣ ማለትም ለምልክቱ ባለቤት ከሽያጩ የሚከፈል ድርሻ፣ ሊጠየቅ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከጅምላ ዋጋው ከ10 እስከ 15 በመቶ አካባቢ ነው። ለምሳሌ የሁዲው የጅምላ ዋጋ 1,000 ብር ቢሆንና 12 በመቶ ብትስማሙ ከአንዱ 120 ብር፣ ከ64ቱ 7,680 ብር ነው። ይሄን መጀመሪያ ዋጋው ውስጥ አስገቡት። ኋላ ከትርፍ ላይ እንከፍላለን ያለ ኮሚቴ ከፍሎ አላየሁም። ገንዘቡ የት እንደሚገባም ተደራደሩ። ሃርቫርድ በፈረንጆቹ 2009 ስሙን ለአንድ የልብስ መስመር ሲፈቅድ ገቢው ለተማሪዎች የገንዘብ ድጋፍ እንዲውል ነበር። የእናንተም ለተቸገሩ ፍሬሽ ተማሪዎች እንዲውል ብትጽፉ ፊርማው ይፈጥናል፣ ሞክሬዋለሁ።

ከምርቃት በኋላ በዚሁ ሥራ ልትቀጥሉ ያሰባችሁ ካላችሁ የራሳችሁን ስም ለልብስ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ አመዳደብ ምድብ 25 ላይ አስመዝግቡ። ንግድ ቢሮ የተመዘገበው የንግድ ስም የንግድ ምልክት አይደለም፣ ሁለቱ የተለያዩ ወረቀቶች ናቸው። ብዙ ሰው ንግድ ፈቃዱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ስሙም የተጠበቀ ይመስለዋል።

ልብሱ ከተከፋፈለ በኋላ

ቁጠሩ። 64 ተፈቅዶ 64 ከወጣ ጥሩ። የተረፈ ካለ ለፈቀደው ቢሮ በጽሑፍ አሳውቁና ምን ላድርገው በሉ፣ እንዲሁ አትሽጡት። ስክሪኖቹን ከአታሚው ውሰዱ ወይም ፊታችሁ ይታጠቡ፣ ፋይሉም ከኮምፒውተሩ ላይ ይጥፋ። ከፈቃድ ደብዳቤው ቅጂ ጋር አንድ ሁዲ ለዲኑ ቢሮ ስጡ፣ ሳይዙን አስቀድማችሁ ጠይቁ። እኛ ሳንጠይቅ ኤስ ወስደን ትልቅ ሰው ፊት አፍረናል።